ሊትዌኒያ መጠበቅ ነበረባት?

ተነጋጋሪዎቹ ሦስት ናቸው። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ሲሆኑ በሶቭየት ኅብረት የመጨረሻ ዓመታት ሌኒንግራድ ተምረዋል። ሕይወት የእህታቸው ልጅ ናት፤ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፏን የምትሠራው አገሮች እውቅና በሚያገኙበት ሕግ ላይ ነው። ወይዘሮ አልማዝ የጋሽ ተፈራ ባለቤት ናቸው። ዘመኑ የሚቆጠረው በፈረንጆቹ ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ጽሑፍሽን ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሕጉን አሳምረሽ አስቀምጠሽዋል፤ እሱ ላይ የምለው የለኝም። የከበደኝ ሦስተኛው ምዕራፍ ነው። ሊትዌኒያ ማርች 11 ቀን 1990 ነጻነቷን ያወጀችው በትክክለኛው ጊዜ ነው ትያለሽ። እኔ ያኔ ሌኒንግራድ ነበርኩ። ስኳር በኩፖን ነበር የምንገዛው። ነገ ምን እንደሚመጣ መምህሮቻችን አያውቁም፣ ፓርቲው አያውቅም፣ ጎርባቾቭም የሚያውቅ አይመስልም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አራት ሚሊዮን የማይሞላ ሕዝብ ይዞ ኑክሌር ከታጠቀ መንግሥት ጋር መፋጠጥ ምኑ ነው ትክክል?

ሕይወት፦ ታዲያ መቼ ያውጁ ጋሼ? ሞስኮ ስትረጋጋ? ሞስኮ ተረጋግታ በኖረችባቸው ዓመታት ማን ሰማቸው? ከጦርነቱ በኋላ ጫካ የገቡት አለቁ። ስንቱ ቤተሰብ በዕቃ ባቡር ተጭኖ ሳይቤሪያ ወረደ። ዘመኑ ሲረጋጋ የሚመቸው ለገዢው ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ እሱን አላጣሁትም። ያልተረጋጋ ዘመን ግን ገዢውንም ያስፈራዋል፤ የፈራ ገዢ ደግሞ ይተኩሳል። ጎረቤቶቻቸውን ተመልከቺ እንጂ። ኢስቶኒያ በዚያው ማርች 30 ቀን የሽግግር ጊዜ ጀምሬአለሁ አለች። ላትቪያም ሜይ 4 ቀን ያንኑ መንገድ ያዘች። የሁለቱም ግብ ነጻነት ነው፤ ለሞስኮ ግን መተንፈሻ ተዉላት። ሞስኮ ነዳጅ ያቋረጠችው በማን ላይ ነው? በሊትዌኒያ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ሕይወት፦ ኢስቶኒያና ላትቪያ ቀስ ያሉት በብልሃት ብቻ አይደለም። በ1989 ቆጠራ ከሊትዌኒያ ነዋሪ 80 በመቶ ያህሉ ሊትዌኒያዊ ነበር። ላትቪያውያን ግን በገዛ አገራቸው 52 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ ኢስቶኒያውያን ደግሞ 61 በመቶ ገደማ። እነሱ እያንዳንዱን እርምጃ ድምፅ ቆጥረው መራመድ ነበረባቸው። ቀስ ማለት የቻሉትም የሊትዌኒያ ዋና ከተማ ቪልኒየስ ቀድማ ዱላውን ስለተቀበለችላቸው ነው።

ችኮላ የሚሉትን ቀን ደግሞ ላስረዳዎ። ማርች 12 ቀን ሞስኮ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ጉባኤ ሊከፈት ነው። ጉባኤው ለጎርባቾቭ የፕሬዚዳንትነት ሥልጣን ሊሰጠው እንደተዘጋጀ ሁሉም ያውቃል፤ ሰጠውም። ስለ መገንጠል የሚወጣ ሕግም እየተረቀቀ ነበር። ኤፕሪል 3 ቀን ሲወጣ ምን አለ? በሕዝበ ውሳኔ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ ሽግግር፣ በመጨረሻም የሞስኮ ፈቃድ። ሳዩዲስ የሚባለው ንቅናቄ በፌብሩዋሪው ምርጫ አብላጫውን ወንበር ይዞ ነበር። ጥቂት ሳምንት ቢያሳልፍ ኖሮ የሚጠብቀው መልስ «በሕጉ መሠረት አመልክቱ» የሚል ነው። እነሱ የቀደሙት ያንን በር ነው።

ጋሽ ተፈራ፦ ስለ ጉባኤው ቀን ልክ ነሽ። ግን የመሯቸው እነማን ነበሩ? የምክር ቤቱ ሊቀመንበር ሆኖ የተመረጠው ላንድስበርጊስ የሙዚቃ ታሪክ ፕሮፌሰር ነው። ሠራዊት መርቶ አያውቅም፤ የፋብሪካ ሒሳብ ይዞ አያውቅም። ኢኮኖሚውን የሚያውቀው፣ ከሞስኮ ጋር መነጋገር የሚችለው ብራዛውስካስ ነበር። የኮሚኒስት ፓርቲውን በዲሴምበር 1989 ከሞስኮው ፓርቲ የነጠለው እኮ እሱ ነው። እሱን ወደ ጎን አደረጉት።

ሕይወት፦ ሙዚቀኛው የመራው ስብሰባ የሠራውን ይዩት። ድጋፍ 124፣ ድምፀ ተአቅቦ 6፣ ተቃውሞ የለም። ብራዛውስካስም የደገፈ ነው። ውሳኔው የሚለው በ1940 በኃይል የታገደው የመንግሥትነት ሥልጣን ተመለሰ ነው። ከዚያ በዚያው ምሽት የ1938ቱን ሕገ መንግሥት ወደ ሥራ መለሱት። ወዲያው ደግሞ አገዱትና ጊዜያዊ መሠረታዊ ሕግ አወጡ። ሕገ መንግሥቱ ለአዲሱ ዘመን እንደማይሆን ያውቃሉ። መልሰው ያነሱት ከጦርነቱ በፊት የነበረው መንግሥት አለመሞቱን በሕግ ለማስመዝገብ ነው። እኔ ይህን ቃለ ጉባኤ ሳነብ እጄ ነው የተንቀጠቀጠው። ውጭ የጦር ሰፈር አለ፤ እነሱ ግን አንቀጽ ያስተካክላሉ።

ጋሽ ተፈራ፦ ታንክ አንቀጽ አያነብም ልጄ።

ሕይወት፦ አያነብም። ሌሎች መንግሥታት ግን ያነባሉ። ሶቭየት ጦር በጁን 1940 ከገባ በኋላ፣ ጁላይ 23 ቀን ሰምነር ዌልስ በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ስም አገራቸው ድርጊቱን እንደማትቀበል አስታወቁ። ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ሙሉ ዋሽንግተን ያለው የሊትዌኒያ ሌጋሲዮን ሳይዘጋ ቆየ። መሬቱ ተይዞ፣ ሕዝቡ ተይዞ፣ ዲፕሎማቱ ቢሮውን ይከፍታል። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር ነው እንዴ? በ1936 ጣልያን ኢትዮጵያን ግዛቴ ናት ስትል እንግሊዝና ፈረንሳይ ቆይተው ተቀበሏት። አሜሪካ አልተቀበለችም። ሜክሲኮ አልተቀበለችም። ሶቭየት ኅብረትም አልተቀበለችም።

ጋሽ ተፈራ፦ ይህን እኛም ሳናውቀው ነው እዚያ የተማርነው። ጣልያን በእኛ ላይ ስታደርገው አልቀበልም ያለችውን፣ ከአራት ዓመት በኋላ ባልቲኮች ላይ ራሷ ፈጸመችው። ስለ ፓርቲ ታሪክ ስንት ሰዓት ንግግር ሰምተናል፤ ከጀርመን ጋር የተፈረመው የ1939ኙ ውል ምስጢራዊ አባሪ እንዳለው የነገረን አልነበረም። ሞስኮ ራሷ በጉባኤ ያወገዘችው በዲሴምበር 1989 ነው።

እሺ፣ ሕጉ ይህን ያህል ጉልበት ካለው ሶማሊላንድን አስረጂኝ። በ1991፣ ሜይ 18 ቀን ነጻነቷን አወጀች። ክርክሯም ያው ነው። ጁን 26 ቀን 1960 ከእንግሊዝ ነጻ ወጥቻለሁ፣ አምስት ቀን ራሴን የቻልኩ መንግሥት ነበርኩ፣ ውህደቱ አልሆነም፣ ወደ ነበርኩበት ተመለስኩ አለች። ሊትዌኒያ በሴፕቴምበር 1991 የተባበሩት መንግሥታት ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሀርጌሳ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ደጅ ስትጠና አንድም አባል አገር አላወቃትም ነበር። ሰላሟን ጠብቃ፣ ምርጫ አካሂዳ፣ ገንዘብ አትማ።

ሕይወት፦ እሱ ነው እኔንም የሚያበሳጨኝ። ልዩነቱ አንደኛው ሰነዱ ነው። ሊትዌኒያ በኃይል መያዟን ትልልቅ መንግሥታት በየፋይላቸው ጽፈው 50 ዓመት አስቀምጠውታል። የሶማሊላንድ ውህደት ሲጀመር በፈቃድ ነበር። በዚያ ላይ የአፍሪካ መሪዎች በ1964 ካይሮ ላይ ከቅኝ ግዛት የተረከብነውን ድንበር አንነካም ብለው ተማምለዋል። ሶማሊላንድ ድንበሬ የእንግሊዞቹ ድንበር ነው ብትልም፣ አንዷን ብናውቅ ነገ የኛንም ይጠይቁናል ብለው ፈሩ።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሊትዌኒያን በመጨረሻ ሂጂ ያላት ሞስኮ ነው፤ ሴፕቴምበር 6 ቀን 1991 ፈረመ። ኤርትራም በ1993 ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ በቶሎ እውቅና ያገኘችው አዲስ አበባ ስለተስማማ ነው። ለሶማሊላንድ ማን ይፈርምላት? ሞቃዲሾ ላይ መንግሥት አልነበረም። አሰናባች የሌለው ሕዝብ ሆነች። ስለዚህ ያልተረጋጋ ዘመን ሁሉ አንድ አይደለም። እየተዳከመ ያለ ማዕከል ተጭኖም ቢሆን ይፈርማል። ጨርሶ ከፈረሰ ግን ፊርማ የምትጠይቂው ሰው የለም።

ጋሽ ተፈራ፦ ይህን ጽሑፍሽ ውስጥ አላየሁትም። ጨምሪበት።

ወይዘሮ አልማዝ፦ እኔም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ነዳጁ ሲቋረጥ ሰዉ ምን ሆነ?

ጋሽ ተፈራ፦ ኤፕሪል 18 ቀን ወደ ማዠይኪያይ ማጣሪያ የሚሄደው ድፍድፍ ዘይት ቆመ። ጋዙም በአብዛኛው ተቀነሰ። ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የሚያድር የካውናስ ልጅ ነበር። እናቱ በባቡር አስተናጋጅ እጅ ዕቃ ትልክለታለች፤ የአጃ ዳቦ፣ የተጨሰ አሳማ፣ አዝሙድ የሚመስል ዘር የገባበት አይብ። አሳማውን ለሩሲያውያኑ ያካፍላል፣ አይቡን ከእኔ ጋር ይበላል። በእገዳው ወራትም ዕቃው አልቀረም። ሊትዌኒያ ሥጋና ቅቤ የሚተርፋት አገር ነበረች፤ ሌኒንግራድም ከዚያ የሚመጣውን ትበላ ነበር። አብሮ የሚመጣው ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። ሙቅ ውሃ የለም። ቤንዚን በልክ ነው። አባቱ ያሉበት ፋብሪካ ሠራተኛውን ቤት ተቀመጡ ብሏል። ልጁ ደብዳቤውን እየተረጎመ ያነብልኝና መሐል ላይ ይቆማል። እናቱ የተማረሩት በሞስኮ ይሁን በቪልኒየስ መለየት ያቅተዋል።

ወይዘሮ አልማዝ፦ በሁለቱም ይሆናላ። ለመሆኑ ከማወጃቸው በፊት ነግረዋቸዋል? ይህ ይህ ይቋረጥባችኋል፣ ለዚህን ያህል ጊዜ ቻሉት ብለው?

ጋሽ ተፈራ፦ የኔም ጥያቄ እሱ ነው። ባንዲራ ሲሰቀል ሁሉም እዚያ ነው። ክፍያውን አስቀድሞ የሚናገር ግን አይገኝም።

ሕይወት፦ ሁሉንም ነገሩ አልልም። ሞስኮ እንደምትቀጣቸው ግን የማያውቅ አልነበረም። እትዬ፣ ከሁለት ወር በላይ ነው የቆየው። በመሐሉ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ፕሩንስኪየኔ ከዋሽንግተን እስከ ለንደን፣ ከፓሪስ እስከ ቦን ዞራለች። ሁሉም ሻይ ያቀርቡላታል፤ የሚፈርም የለም። ለምን ቢሉ፣ በዚያው ሰሞን የጀርመን ውህደት ጉዳይ ጠረጴዛ ላይ ነው። የጀርመኑ ኮል የጎርባቾቭን እሺታ ይፈልጋል። የአሜሪካው ቡሽ የጦር መሣሪያ ቅነሳ ውል ይጠብቃል። የትንሿ አገር ነጻነት የትልልቆቹን ሥራ እንዳያበላሽ ነው የተፈራው። ኤፕሪል 26 ቀን የፈረንሳዩ ሚተራንና ኮል በጋራ ጻፉላቸው፤ አዋጁ ይኑር፣ አፈጻጸሙን ለጊዜው አቁሙት ብለው።

ጋሽ ተፈራ፦ ተቀበሉም። ጁን 29 ቀን ለ100 ቀን አገድነው አሉ። ታዲያ ይህን መጀመሪያውኑ ቢያደርጉት ያ ሁሉ ለምን ይደርስ ነበር?

ሕይወት፦ ውሳኔውን በደንብ ያንብቡት ጋሼ። መቶው ቀን የሚቆጠረው ድርድሩ ከተጀመረበት ዕለት ነው። ድርድሩ በወጉ ሳይጀመር ቀረ። ስለዚህ እገዳው አንድም ቀን ሳይቆጠር፣ ነዳጁ በጁላይ መጀመሪያ ተለቀቀ። አዋጁን ሳይሰርዙ ለጎርባቾቭ ፊቱን የሚያድንበት ነገር ሰጡት። መጀመሪያ ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም ነበር፤ ያላወጁትን ነገር ሊያግዱ አይችሉማ። እኔ ከሥራቸው ሁሉ የማደንቀው ይህንን ነው። የማይነካውንና ለጊዜው ሊያልፍ የሚችለውን ለይተው ያውቁ ነበር።

ጋሽ ተፈራ፦ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ጃንዋሪ ላይ ያንን ባልሠሩ ነበር። አልማዝ፣ አንቺ የጠየቅሽው እዚህ ላይ ነው የመጣው። ጃንዋሪ 7 ቀን 1991፣ ገና ክረምቱ እንደከፋ፣ የፕሩንስኪየኔ መንግሥት የምግብ ዋጋ በአንድ ሌሊት ብዙ እጥፍ አሳደገው። የገበያ ኢኮኖሚ ለመጀመር ማለት ነው። ሐሳቡ ስህተት ላይሆን ይችላል። ቀኑ ግን! ሞስኮ ተጨማሪ ወታደር ለመላክ ምክንያት የምትፈልግበት ሳምንት። በማግሥቱ ለሞስኮ የወገነው ንቅናቄ የተቆጣ ሠራተኛ ይዞ የምክር ቤቱን በር ሊሰብር ነበር። ዋጋው ተሰረዘ፤ መንግሥቱ በዚያው ዕለት ወደቀ። ለእኔ ከታንኩ ሌሊት ይልቅ የሚያስፈራው ይህ ቀን ነው። ታንኩ ሲመጣ ሕዝቡ አንድ ነበር። በዳቦ ዋጋ ግን ሊለያይ አንድ ክር ነው የቀረው።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ከዚያስ ታንኩ መጣ?

ጋሽ ተፈራ፦ በአምስት ቀን ውስጥ። ጃንዋሪ 11 ቀን የማተሚያ ሕንጻውን ያዙ። ጃንዋሪ 13 ሌሊት፣ በእኛ ጥር 5 ቀን 1983፣ ወደ ቴሌቪዥን ማማው ወጡ። ሰዉ ማማውን ከቦ ቆሟል፤ እሳት አንድዶ፣ እየዘመረ። 14 ሰው ሞተ። አንዷ ሎሬታ አሳናቪቹቴ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ታንክ ነው የሄደባት። ስቱዲዮው ውስጥ የነበረችው አቅራቢ ወታደሮቹ በር እየሰበሩ መሆኑን በቀጥታ እየተናገረች ስክሪኑ ጠፋ። ብዙም ሳይቆይ ከካውናስ የምትገኝ ትንሽ ስቱዲዮ ሥርጭቱን ቀጠለች፤ በተለያየ ቋንቋ የደረሰውን ለዓለም ትናገራለች።

እኛ ሌኒንግራድ ያየነው ግን ሌላ ነው። ኔቭዞሮቭ የሚባል ታዋቂ ጋዜጠኛ ማማው ውስጥ ያሉትን ወታደሮች ጀግና አድርጎ ፊልም ሠርቶ አሳየን፤ ሰዎቹን የገደሏቸው እነሱ እንዳልሆኑ ሊያሳምነን። የካውናሱ ልጅ ተነስቶ ወጣ። አንድ ሩሲያዊ ተከተለው። ሌሊቱን አልተመለሱም።

ወይዘሮ አልማዝ፦ እነዚያ ሰዎች መሣሪያ አልነበራቸውም?

ሕይወት፦ ማማው ላይ አልነበራቸውም። ምክር ቤቱን የሚጠብቁት የአደን ጠመንጃና በጠርሙስ የተሞላ ቤንዚን ይዘው ነበር፤ ሕንጻውን በኮንክሪት ድንጋይ አጥረው። ግን አልተኮሱም። ጦሩም ሺዎች የከበቡትን ምክር ቤት አልደፈረም።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ወንድሜ ኤርትራ ውስጥ፣ አፋቤት ጦርነት ላይ ነው የቀረው። በ1988፣ ማርች ላይ። እናቴ ከዚያ በኋላ ሬዲዮ አልከፈተችም። በዚያኛው ወገንም እንደሷ ያሉ እናቶች እንዳሉ በኋላ ነው የሰማሁት። የናንተ ክርክር ስለ ቀን ነው፤ ቀደሙ ዘገዩ ትላላችሁ። እኔ የሚገርመኝ፣ ሠላሳ ዓመት የሚፈጀውን ነገር በዚያ ሁሉ ቁጣ መሐል ሳይተኩሱ መቻላቸው ነው። እኛ ዘንድ ይህን የሞከረ ነበር? ዕድልስ የሰጠው ነበር?

ጋሽ ተፈራ፦ አልነበረም።

ሕይወት፦ እንዴት ቻሉ ብዬ እኔም ብዙ አስቤበታለሁ። አንደኛው ሩሲያውያንን ጠላት አለማድረጋቸው ነው። በኖቬምበር 1989 የወጣው የዜግነት ሕግ በአገሩ ለሚኖር ሁሉ፣ ሩሲያዊ ይሁን ፖላንዳዊ፣ ዜጋ የመሆን መብት ሰጠው። ኢስቶኒያና ላትቪያ ይህን አላደረጉም፤ ቁጥራቸው አስፈርቷቸው ነው፣ እስከዛሬም ጣጣው አልለቀቃቸውም። ውጤቱን ይዩ። ያ ሌሊት ሲነጋ የሩሲያው መሪ የልሲን ኢስቶኒያ፣ ታሊን ሄደው ከሦስቱ አገሮች ጋር ፈረሙ፤ ሩሲያውያን ወታደሮች እንዳይተኩሱም ተማጸኑ። በሳምንቱ ሞስኮ ላይ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሩሲያዊ ለሊትዌኒያ ብሎ ሰልፍ ወጣ። ፌብሩዋሪ 9 ቀን በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ ድምፅ ከሰጠው 90 በመቶ በላይ ነጻነትን ደገፈ። ሊትዌኒያውያን 80 በመቶ ናቸው ብያችሁ የለ? የቀረውን ቁጥር ማን ሞላው?

ጋሽ ተፈራ፦ ይህን ስታደንቂ ያንንም ንገሪያት። በኦገስት 1991 ሞስኮ ላይ የተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ በኋላ፣ ገና እውቅናው ሳይደርቅ፣ ፖላንዳውያን የሚበዙባቸውን ሁለት ወረዳዎች ምክር ቤት በተኑ። ሞስኮን ደግፋችኋል ተብለው። ከተመረጡት ውስጥ የደገፉ ነበሩ። ግን ነጻ የወጣ አገር የመጀመሪያ ሥራው የተመረጠ ምክር ቤት መበተን ከሆነ እኔ ያመኛል። አናሳ መሆን ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ በላይ ማን ያውቃል?

ሕይወት፦ ያሳፍራል። አልከላከልላቸውም።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ማማው ላይ ያ ሁሉ ሰው ሲሞት ሌላው ዓለም ምን አለ?

ሕይወት፦ ዓለም ዓይኑ ኩዌት ላይ ነበር። ለሳዳም የተሰጠው ቀነ ገደብ ጃንዋሪ 15 ነው፤ ጃንዋሪ 17 ቦምቡ ጀመረ። አሜሪካ ሶቭየቶችን በጸጥታው ምክር ቤት ትፈልጋቸዋለች። ቀድማ የደፈረችው አይስላንድ ናት። ሠራዊት የሌላት፣ ዓሣ አጥምዳ የምትኖር አገር። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሯ ሐኒባልሰን አጥሩ ገና ሳይነሳ ቪልኒየስ ገቡ፤ በፌብሩዋሪ ምክር ቤታቸው እውቅናውን አጸና። ዓሣዋን የምትሸጠው ለሶቭየት ኅብረት ጭምር ነበር።

ጋሽ ተፈራ፦ እሺ፤ የመጨረሻ ክርክሬን ልናገርና እንለያይ። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ በጁላይ 1991 ሊትዌኒያ የት ነበረች? ጁላይ 31 ቀን ቡሽና ጎርባቾቭ ሞስኮ ላይ የኑክሌር ውል ሲፈራረሙ፣ በዚያው ንጋት መዲኒንካይ የድንበር ኬላ ላይ ሰባት ሊትዌኒያውያን ጠባቂዎች ተገድለዋል። ውሉ ተፈረመ። በኦገስት 19 ስምንት ሰዎች መፈንቅለ መንግሥት ባያደርጉ፣ አድርገውም በሦስት ቀን ባይከሽፍባቸው፣ ያ ሁሉ የት ይደርስ ነበር? ዕድል ነው ያዳናቸው። ሌላ ሕዝብ ይህን አይቶ እኔም ልቸኩል ቢል ዕድሉ ላይከተለው ይችላል። እኔ በግሌ ያን ዓመት የላከን መንግሥት በሜይ ወደቀ፣ የሚያስተምረን መንግሥት በዲሴምበር ፈረሰ። የወር አበላችን ዳቦ አይገዛም ነበር። ዘመን ሲናጋ ማንም ምን እንደሚደርሰው አያውቅም።

ሕይወት፦ ዕድል አልነበረም አልልም። ግን ይህን ያስተውሉልኝ። መፈንቅለ መንግሥቱ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ጁላይ 29 ቀን፣ ላንድስበርጊስና የልሲን ሞስኮ ላይ የሁለት መንግሥታት ውል ፈርመዋል። ሩሲያ ሊትዌኒያን ያወቀቻት ሶቭየት ኅብረት ገና ቆማ ሳለች ነው። ስለዚህ በኦገስት ያሸነፈው ሰው አስቀድሞ የፈረመላቸው ሰው ሆነ። ኢስቶኒያ በ20፣ ላትቪያ በ21 ሮጠው ሙሉ ነጻነት ሲያውጁ፣ ቪልኒየስ የምታውጀው አልነበራትም። ሕዝበ ውሳኔው ተደርጓል፣ ሕጉ አለ፣ ውሉ አለ። የመጣውን ሳምንት ተጠቀሙበት። ባይመጣ ደግሞ ይጠብቁ ነበር፤ የቆሙበትን ሳይለቁ።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ሰዉስ በመጨረሻ ሞቀው?

ጋሽ ተፈራ፦ የለም። የ1992 ክረምት የባሰ ነው። ነዳጁን ሩሲያ በዓለም ዋጋ እሸጣለሁ አለች፤ ገንዘቡ የለም፤ ቤቱ በረደ። በዚያው መኸር በተደረገው ምርጫ ሕዝቡ የላንድስበርጊስን ወገን አውርዶ ብራዛውስካስን መረጠ። ወደ ጎን ያደረጉትን ሰው።

ወይዘሮ አልማዝ፦ ነጻ ያወጧቸውን አወረዷቸው?

ጋሽ ተፈራ፦ አወረዷቸው። እነሱም ወረዱ።

ሕይወት፦ ወርደውም ሥራው አልተቋረጠም። የሩሲያ ጦር ከሊትዌኒያ የሚወጣበትን የጊዜ ሰሌዳ የላንድስበርጊስ መንግሥት በሴፕቴምበር 1992 ተፈራርሞ ነበር። ያስፈጸመው የብራዛውስካስ መንግሥት ነው። የመጨረሻው ወታደር ኦገስት 31 ቀን 1993 ወጣ። ከኢስቶኒያና ከላትቪያ የወጣው ልክ አንድ ዓመት ዘግይቶ ነው ጋሼ። ቀስ ካሉት አገሮች።

ጋሽ ተፈራ፦ ይህን ቀን ምዕራፉ መጀመሪያ ላይ አድርጊው። ስለ ዋጋው ጭማሪ የነገርኩሽንም አትተዪው፤ ሁለት ገጽ ስጪው።